ቅል ውስጥ የተደበቀው ክር

ግራና ላይ ለሽንኩርቱ ቦይ የሚቆፍር አንድ ገበሬ ዶማውን ቢያነሳ አፈሩ ሳቀበት። የወርቅ ጥርስ ነው፥ ከነመንጋጋው። ገበሬው ዶማውን እዚያው ጥሎ መርሳ ፖሊስ ጣቢያ እስኪደርስ አልቆመም፤ ወሬው ግን ቀድሞት ነበር። መርሳ ሲገባ አንድ ጥርስ የነበረው ውርጌሳ ሲደርስ ሙሉ የወርቅ መንጋጋ ሆነ። ሐራ ገበያ ላይ ሰውየው ከአናቱ እስከ ተረከዙ ወርቅ ነው ተባለ። ወልድያ ያሉት አዛዥ ደውለው "ስንት ኩንታል ወጣው?" ብለዋል የሚሉም አሉ፤ ይኼኛው እንኳ ትንሽ ሳይጋነን አልቀረም።

ኢንስፔክተር ማሩ ከሳጅን አበባው ጋር ቦታው ሲደርስ ያገኘው ወርቅ ሳይሆን አጥንት ነው። ወሩ ግንቦት 2014 ነበር። ጦርነቱ ከሐብሩ ከወጣ ስድስት ወር ሊሆነው ነው፤ ምድሪቱ አሁንም የዋጠችውን በየሳምንቱ ትተፋለች። ስለዚህ ማሩ አልደነገጠም። ጎንበስ ብሎ ቆጠረ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል፤ ጥይት አይደለም፥ ዱላ ወይም ብረት ነው። ከላይ በኩል የወርቅ ጥርስ አለ። ጥቁር የቆዳ ጃኬት፥ ግማሹን ምስጥ በልቶታል። የግራው ጭን አጥንት ላይ ደግሞ የድሮ ስብራት ድኖ የሠራው ጉጥ።

"አብዱልሐሊም ነው" አለ ሳጅን አበባው ወዲያው። "የአይሱዙ ሹፌሩ። ጃኬቱ የሱ፥ ጥርሱ የሱ። ግራ ጭኑም መኪና ተገልብጦበት ተሰብሮ ነበር።"

"መሬቱስ የማን ነው?"

"የአያ ፈንታው ወሰን ነው።"

ማሩ ቀኝ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። ያ እጅ ክርኑ ላይ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፤ ለአለቃ ሰላምታ ሲሰጥ ጆሮውን የሚያክ ይመስላል። አያ ፈንታው የሚለውን ስም በሰማ ቁጥር እጁን ይደብቃል። ለምን እንደሆነ ለማንም አልነገረም።

*

አያ ፈንታው የሐብሩ ወጌሻ ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። የተሰበረ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል፤ በቀርከሃ አስረው፥ በቅቤ አሽተው ይገጥሙታል። "የፈንታው እጅ አያነክስም" ይባላል። አንዴ የገጠሟት በቅሎ ላሊበላ ደርሳ በዚያው ቀን ተመልሳ ማታ ገብስዋን በላች ይባላል። በቅሎዋን ያየ የለም፤ ያልሰማ ግን የለም።

ሐምሌ 2013 መርሳ ገበያ ላይ አብዱልሐሊም አይሱዙው ላይ ቆሞ ተሳለቀባቸው። "አያ ፈንታው! ክሊኒኩ ብሎንና ብረት አምጥቷል እኮ፤ ያንቱ ቀርከሃ ከእንግዲህ ለቅርጫት ነው!" እሳቸውም ከዘራቸውን አንስተው "እኔ የገጠምኩትን እኔው እሰብረዋለሁ!" አሉ። ይህን የሰማ ሰው አርባ ቢሆን ነው፤ አጥንቱ ከተገኘ በኋላ ግን ምስክሮቹ አራት መቶ ደረሱ።

ማሩ ያዛቸው። መያዝ ከተባለ ነው። የመርሳ ጣቢያ በጦርነቱ በሩ ተነቅሎ፥ ወንበሩ ተማግዶ፥ የቀረው ግድግዳና ባንዲራ መስቀያ ብቻ ነበር። አያ ፈንታው በር በሌለው ማረፊያ ቤት ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ይጠብቃሉ። በሽተኛ ደግሞ ይሰለፋል። አንዱ ወለም ያለው፥ አንዱ ትከሻው የወለቀ። ማሩ ቢሮው ለመግባት "ተራህን ጠብቅ" የተባለበት ቀን ነበር።

"አያ ፈንታው፥ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፥ አብዱልሐሊም የጠፋ ሰሞን፥ የት ነበሩ?"

"ቤቴ።"

"ምስክር አለዎት?"

"ፍርሃት። ያን ሰሞን አንተስ የት ነበርክ?"

በዚያ ክረምት የሐብሩ ሰው ሁሉ ቤቱ ነበር፥ ወይም ጫካ፥ ወይም ደሴ። ቤቴ ነበርኩ የሚለውን ማፍረስም ማጽናትም አይቻልም።

ሽማግሌው ግን ዓይናቸው ኪሱ ውስጥ ያለው እጁ ላይ ነበር። "ያ ክንድ ብርድ ሲሆን ያምሃል?"

"ጠያቂው እኔ ነኝ።"

"እኮ፥ ጠይቅ። እኔ ክንዱን ነው የጠየቅሁት።"

ከወልድያ ትእዛዝ መጣ፦ አርብ ተጠርጣሪው ከነመዝገቡ ይላክ። ሰኞ ነበር።

*

ማክሰኞ ማሩ ነሲባ ቤት ሄደ። ነሲባ የአብዱልሐሊም ሚስት ናት፤ ወሬው ከተሰማ ወዲህ ጥቁር ለብሳለች።

"አሰላሙ አለይኩም። አላህ ይርሐመው።"

"ወአለይኩም ሰላም። ግባ ኢንስፔክተር።" ዓይኗ ቀልቷል፥ ድምፅዋ ግን ደርቋል። "ሽማግሌው ነው አይደል የገደለው? ፊቱ ላይ ዝቶበታል።"

"ባልሽን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?"

ታሪኩን መርሳ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሷም ደገመችው። ጦርነቱ ሊገባ ሲል የአጥንትና የጥርስ ክሊኒኩ ዕቃውን ለማሸሽ ወሰነ። አብዱልሐሊም በአይሱዙው፥ የክሊኒኩ ዘበኛ ይታገሱ አብሮት ተቀምጦ፥ ወንበሩን፥ ብረቱን፥ ብሎኑን ጭነው ወደ ግራና ወጡ። መኪናው ተቃጥሎ መንገድ ዳር ተገኘ። ዕቃው የለም። ሰዎቹም የሉም።

ሻይ ቀዳችለት። ማሩ ፉት አለና ብርጭቆውን አየው። የወሎ ሻይ ነው፥ ግን ቅርንፉድ የለበትም። ቀረፋውም ብቻውን ስለሆነ አኮረፈ እንጂ አልሸተተም።

"ቅርንፉድ ረስተሻል" አለ እንዲሁ ለጨዋታ።

"ከጦርነቱ ወዲህ ቅርንፉድ ከየት ይመጣል?" አለችና ዓይኗን ወደ ደጅ መለሰች።

ማሩ ሻዩን ጨርሶ ወጣ። ሐዘን ቤት ላይ ስለ ቅመም የሚያወራ ፖሊስ መሆኑ ራሱን አሳፈረው።

*

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ዘበኛው ነበር። ዕቃውን የፈለገ ይታገሱ ሹፌሩን ገድሎ ቀብሮ ቢጠፋስ? መርሳ ይህን ከፈረደችበት ቆይታለች። ይታገሱ መተማ ታየ ተብሏል፤ አንዱማ ሱዳን ድንበር ላይ በክሊኒኩ ጉጠት የግመል ጥርስ ሲነቅል አይቼዋለሁ ብሎ ምሏል።

ሚስቱ አስካለ ደጃፏ ላይ ስንዴ ታበጥራለች። ማሩን ስታይ አልተነሳችም።

"ቤቴን ሦስት ጊዜ ፈትሻችኋል። ለአራተኛው ቀረ የምትሉት ካለ ግቡ።"

"አልፈትሽም፥ አስካለ። ስለሱ ልጠይቅሽ ነው።"

"የሌባ ሚስት ምን ታውቃለች?" አለች ሰፌዱን እያራገፈች። "ከማኅበር አስወጥተውኛል፤ ጽዋው ቤቷ ቢገባ ይጠፋል አሉ። ዘጠኝ ወር ሙሉ 'መቼ ልኮልሽ ትሄጃለሽ?' ይሉኛል። ሄጄ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ አልላከልኝማ!"

ማሩ ዓይኑ በር ሥር የተቀመጠ ጥንድ ጫማ ላይ አረፈ። አሮጌ የቆዳ ጫማ ነው፥ የዘበኛ። አስካለ አልጣለችውም፥ ለሰውም አልሰጠችውም። አንሥቶ አየው። በግራው ውስጥ የተጠቀለለ ወፍራም ቆዳ ተደልድሏል። ፖሊስ ነውና ነገር ተደብቆበት ይሆናል ብሎ ቆዳውን አወጣው፤ ምንም የለም።

"ይህ ምንድን ነው?"

"የሱ ነገር ነው። መልሰው።" ነጥቃ ወደ ቦታው መለሰችው።

*

ረቡዕ ጠዋት ማሩ የራስ ቅሉን በካርቶን አድርጎ ዶክተር ሊዲያ ዘንድ ወሰደ። ለምርመራ አዲስ አበባ ቢላክ ውጤቱ የሚመጣው አያ ፈንታው ሰማንያ ዓመት ሲሞላቸው ነው።

ሊዲያ የክሊኒኩ ጥርስ ሐኪም ናት። ክሊኒኩ አሁን አንድ ጠረጴዛና አንድ ባልዲ ነው። እሷ ግን በሽተኛ ከማከም ይልቅ በሽተኛ ፍለጋ ትዞራለች። ከጦርነቱ በፊት የታከመ ሁሉ የሚጻፍበት የክትትል መዝገብ ነበራቸው፤ የተሰበረው በሦስት ወር፥ በስድስት ወር፥ በዓመት ይመለሳል፤ አጥንቱ ቀጥ አለ ወይ፥ የጥርሱ ሙሌት ወደቀ ወይ፥ ይጻፋል። መዝገቡ የሰው ሽሮ ማብሰያ ሆኖ ተቃጠለ። አሁን በደብተር ከራሷ ትዝታ እንደገና ትጽፈዋለች፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስም አስታውሳለች፥ ሰማንያ ሰባቱን በየመንደሩ አግኝታ አፋቸውን አስከፍታለች። ከሞቱት ውስጥ ሙሌታቸው ሳይወድቅ የሞቱት ስንት እንደሆኑ ለመጻፍ ግን ደብተሩ ላይ ረድፍ አልተሰመረም።

"ምን ይጠቅማል ዶክተር?" አላት ማሩ። "ዳነ አልዳነ፥ ሄዷል።"

"ሞልቼ 'ጨረስኩ' ካልኩ ውሸታም ነኝ። ዓመት ሲያኝክበት ነው የሚታወቀው። እስቲ አምጣው።"

የራስ ቅሉን በመስኮት ብርሃን አዟዟረችው። ከዚያ ጉጠት አንሥታ የወርቁን ጥርስ ጎተተችው፤ እንደ ቆብ ወጣ።

"አብዱልሐሊም ወርቁን ያስገባው ጅዳ ነው። እኔ ዘንድ ለክትትል ሲመጣ ሦስት ጊዜ ወልቆበት ሦስት ጊዜ ለጥፌለታለሁ። ስለዚህ ውስጡን አውቀዋለሁ። የወርቅ ቆብ የሚጠለቀው ጥርሱ ዙሪያውን ተሞርዶ፥ ጉቶ ከሆነ በኋላ ነው። ይኸውልህ።"

ማሩ አየ። ከቆቡ ሥር ያለው ጥርስ ሙሉ ነው፥ ሞረድ ያልነካው የገበሬ ጥርስ። ቆቡ ደግሞ ከኋላው ተተርትሯል፤ በግድ ተደፍቶ በሱፐር ግሉ ተለጥፏል።

"ወርቁ የአብዱልሐሊም ነው" አለች። "ጥርሱ ግን የአብዱልሐሊም አይደለም።"

"ወርቁን ያወለቀ ሰው በሕይወት ቢኖር ምን ይሆናል?"

"ጉቶው ራቁቱን ነው። ሲተኛ ይተኛል፤ ሲነሳ፥ ቀዝቃዛ ውሃ ከነካው ጣራ ያስነካል። ሐኪም ካላገኘ እንደ አያቶቹ ይሆናል።"

"እንዴት?"

"የተገኘውን ሲያኝክ ይከርማል" ብላ ወደ ደብተሯ ተመለሰች። በር ላይ የቆመ አንድ ሽማግሌ አፉን ከፍቶ ይጠብቃት ነበር።

*

ማሩ ወደ ጣቢያው ሲመለስ ክር ገዝቶ ነበር። የተገኙትን ሁለት የጭን አጥንቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ለካ። የግራው ከቀኙ በሁለት ጣት ያጥራል።

"አያ ፈንታው፥ የአብዱልሐሊምን ጭን የገጠሙት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ። ክሊኒኩ ሳይከፈት።"

"እንዴት ወጣ?"

"እኩል። ክሩ ላይ አንድ ቋጠሮ ነው ያለው።"

"ምን ክር?"

አያ ፈንታው ሳይወዱ ነገሩት። እሳቸው መጻፍ አያውቁም። ያሰሩትን ሁሉ በዓመቱ ያስጠሩታል። ጤነኛውን ጭን ከዳሌ እስከ ጉልበት በክር ለክተው ይቋጥራሉ፤ የተገጠመውንም እንዲሁ። እኩል ከሆነ ቋጠሮው አንድ ላይ ይወድቃል፤ ካጠረ ሁለት ይሆናል። ክሩ ጫፍ ላይ ከበሽተኛው ልብስ ቁራጭ ታስሮ ወጋግራ ላይ ይሰቀላል። "አጥንት በተገጠመ ለት አይመሰገንም፤ ዓመት ሲመላለስ ነው።"

"ዶክተር ሊዲያም ይህንኑ ነው የምትለው።"

"ያቺ ልጅ? ከማን ሰማች?"

"ከግራና ያጠረ እግር ነው ያገኘሁት። በሁለት ጣት ያጠረ። ከገጠሟቸው ያጠረ ማነው?"

"የለም።"

"አንድም?"

"የፈንታው እጅ አያነክስም" አሉ ሽማግሌው፥ ፊታቸውን ወደ ባንዲራው መስቀያ አዙረው።

ማሩ ትዝ ያለው ያኔ ነው፤ የይታገሱ የግራ ጫማ፥ የተጠቀለለው ቆዳ። ሁለት ጣት ይሆናል።

ድንጋዩ ላይ አጠገባቸው ተቀመጠ። "አያ ፈንታው፥ አርብ ወልድያ ይወስድዎታል መኪናው። ነፍሰ ገዳይ ብለው።"

"ነፍሰ ገዳይ ቢሉኝ ውሸት ነው፤ ውሸት ያልፋል። አጥንት አሳጠረ ቢሉኝ ግን እውነት ነው። እውነት የት ያልፋል?"

"የይታገሱ ሚስት ከማኅበር ተባራለች። የሌባ ሚስት ይሏታል።"

ሽማግሌው ድንጋዩን ተደግፈው ለመነሳት ሞከሩ። ተራ የሚጠብቀው በሽተኛ እንኳ ማቃሰቱን አቆመ።

"ከዘራዬን አቀብለኝ" አሉት።

*

ግራና ያለው የአያ ፈንታው ቤት ወጋግራው ክር ብቻ ነው፤ መቶ፥ ሁለት መቶ፥ የቀይ ቀሚስ ቁራጭ፥ የጋቢ ጥለት፥ የወታደር ልብስ ጭምር። እሳቸው ግን ወደ ላይ አልተመለከቱም። አልጋቸው ሥር እጃቸውን ሰድደው አፉ በጨርቅ የታሰረ ቅል አወጡ።

"የታመመ አጥንት ሁሉ እንደሚድን አድርገው ዘፈኑልኝ። ምን ላድርግ? የማያምሩትን እዚህ አስተኛኋቸው።"

ቅሉን መሬት ላይ ደፉት። ሦስት ክር ወደቀ። አንዱ ጫፉ ላይ የካኪ ቁራጭ አለው፥ የዘበኛ ልብስ።

"ይታገሱ። ከዛፍ ወድቆ ነው። አብዝቶ ተራመደ፥ ገና ሳይጠና። በዓመቱ ስለካው ሁለት ጣት አጠረ። 'ለማንም አትንገር' አልኩት። ጫማህ ውስጥ ቆዳ ደልድል ብዬ አስተማርኩት። ሰውዬው ደግ ነው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ምሥጢሬን ረግጦ ኖረ።"

ማሩ ክሩን ከኪሱ ካወጣው ልኬት ጋር አጋጠመው። ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ ወደቀ።

ሳጅን አበባው አጎንብሶ ሌላ ክር አነሳ። ይኼኛው አጭር ነው፥ የክንድ ልኬት፤ ጫፉ ላይ ሰማያዊ የተማሪ ዩኒፎርም ቁራጭ። "ይህስ የማነው?"

"ይህ በዓመቱ ሳይመለስ የቀረ ልጅ ነው" አሉ አያ ፈንታው፥ ማሩን ሳያዩ። "ገና ሳይፈታ አባቱ ወልድያ ይዞት ገባ። ያልጨረስኩት ስለሆነ እዚህ አስተኛሁት።"

ማሩ ቀኝ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ክሩንም አልተቀበለም።

*

ሐሙስ ጠዋት ማሩ የሲቲ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሻይ አዘዘ። ሲቲ ቅመምና ስኳር የምትሸጥ ትልቅ ሴት ናት፤ መርሳ ውስጥ በማን ቤት ምን እንደሚበላ የማታውቀው የለም። ሬሳው የይታገሱ መሆኑን ማሩ ለማንም ገና አልተናገረም። ገዳዩ የገዛ ጃኬቱንና የወርቅ ጥርሱን አውልቆ ሬሳ ላይ የጫነ ሰው ነው። ግን የት ነው? ዘጠኝ ወር! ምድር ውጣዋለች?

ሻዩን ፉት አለ። ቅርንፉድ የለውም።

"እትዬ ሲቲ፥ አንቺም ቤት ቅርንፉድ ጠፋ?"

"ትናንት ጠርጋ ወሰደችብኛ! ወላሂ አንድ ፍሬ አላስቀረችልኝም።"

"ማን?"

"ነሲባ ናታ። የሷ ሐዘን ቅርንፉድ ይበላል። በየሳምንቱ ሲኒ ሙሉ! 'ምን ትሠሪበታለሽ?' ስላት 'ሻይ' ትለኛለች።"

ማሩ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ማክሰኞ የጠጣው ሻይ ትዝ አለው። ሲኒ ሙሉ ቅርንፉድ በሳምንት የሚገባበት ቤት፥ ሻዩ ግን ቅርንፉድ የለውም። የነሲባ ጥርስ ደግሞ እንደ በቆሎ እሸት የተደረደረ ነው። የተገኘውን ሲያኝክ ይከርማል፥ ብላው ነበር ሊዲያ፤ ቅርንፉድ ደግሞ ሐኪም ላጣ ጥርስ ማደንዘዣ ነው።

"እትዬ ሲቲ፥ ነሲባ ዘመድ የት የት አላት?"

"ውርጌሳ የአባቷ ወፍጮ አለ። ሞተሩ ከተዘረፈ ወዲህ ማንም አይደርስበት፤ አንድ መስማት የተሳናቸው አጎቷ ናቸው አሉ የሚጠብቁት። እሷ ብቻ ስንቅ ትወስድላቸዋለች። ደግ ልጅ!"

*

አርብ ማለዳ፥ የወልድያው መኪና ሳይመጣ፥ ማሩ ወደ ውርጌሳ ሲሄድ ሳጅን አበባውን፥ ዶክተር ሊዲያንና አንድ ጀሪካን ውሃ ያዘ። ውሃውን ሌሊቱን ደጅ አሳድሮት ነበር፥ ጥርስ ያንገጫግጫል።

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ አንድ ጢማም ሽማግሌ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ጢማቸው በሂና ቀልቷል፤ ራሳቸውና ትከሻቸው ላይ ዱቄት አለ። ሳጅን አበባው ወደ ማሩ ጆሮ ተጠጋ። "ወፍጮው ከቆመ ዓመት ሊሞላው ነው። ዱቄቱ ከየት መጣ?"

"አሰላሙ አለይኩም አባቴ!" አለ ማሩ።

ሽማግሌው ጆሯቸውን አመለከቱ።

"ሙቀቱ አያድርስ ነው። እንኩ፥ ይጠጡ።" ጣሳውን ሞልቶ ሰጣቸው። ግንቦት ነው፤ የውርጌሳ ግንቦት ድንጋይ ያስጠማል። ሰውየው ጣሳውን ተቀበሉ፤ አልጠጣም ቢሉ አስገራሚ ይሆን ነበር። አንድ ጉንጭ ወሰዱ።

ጣሳው ከእጃቸው ወደቀ። ሰውየው ጉንጫቸውን በሁለት እጅ ይዘው "ያ አላህ!" ብለው ጮኹ። ለመስማት ለተሳነው ሰው ድምፃቸው ጥሩ ነበር። ካፋቸው የታኘከ ቅርንፉድ መሬት ላይ ተተፋ።

ሊዲያ ቀረበች። እንደ ሁልጊዜው፥ ክሊኒክ ውስጥ እንዳለች። "አብዱልሐሊም፥ አፍህን ክፈት።"

ልማድ ክፉ ነው፤ ከፈተ። ከላይ በኩል የተሞረደ ጉቶ ጥቁር ሆኖ ቆሟል።

"አራተኛው ጊዜ" አለች ሊዲያ፥ ደብተሯን አውጥታ።

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የክሊኒኩ የጥርስ ወንበር ሳይነካ ተቀምጦ ነበር። አብዱልሐሊም ዘጠኝ ወር ሲተኛ የነበረው እሱ ላይ ነው። ብረቱና ብሎኑ በጆንያ ነው። የአይሱዙው ክሪክ የብረት ዘንግም፥ የራስ ቅል የሚሰብር፥ እዚያው ጥግ ቆሟል።

"ዕቃውን ወደዚህ እናዙረው ስለው ይታገሱ እምቢ አለ" አለ አብዱልሐሊም፥ ጉንጩን እንደያዘ። "'የበሽተኛ ዕቃ ነው' አለ። ዝም ብሎ 'የበሽተኛ ዕቃ ነው'። ጦርነቱ እየገባ፥ እሱ በሽተኛ ይለኛል!"

"ነሲባስ?"

"ይታገሱን ከባድ መሣሪያ መታው ብያታለሁ። ሬሳው ሲገኝ እኔ ነኝ ማለታቸው ደስ አለኝ፥ መንገዱ እስኪረጋ ይሸፍነኛል ብዬ። እሷ የምታውቀው ይህን ብቻ ነው።"

ማሩ እጁን አሰረው። ከማሰሩ በፊት ግን ሊዲያ ጉቶው ላይ መድኃኒት በጥጥ አስቀመጠችለት። አበባው ቢያጉረመርምም "መዝገቡ ላይ አለ" አለችው።

*

ይታገሱ የተቀበረው ቅዳሜ ግራና ነው። አያ ፈንታው ከጣቢያው የተፈቱት አርብ ቢሆንም በር በሌለው ማረፊያ ቤት አንድ ሌሊት ጨምረው አድረዋል፤ የጀመሩት ትከሻ ነበር።

ቀብሩ ላይ ሰው ብዙ ነው። ባለማኅበሮቹ ሁሉ መጥተዋል፤ አንገታቸውን ደፍተው አስካለን ከፊት አስቀድመዋት። አያ ፈንታው ከዘራቸውን ተክለው መሐል ቆሙ። ባለ ካኪውን ክር ከፍ አድርገው ያዙ።

"ስሙኝ! የፈንታው እጅ አያነክስም ትላላችሁ። ታነክሳለች። ይህን እግር ገጥሜ በሁለት ጣት አሳጠርኩት። ደበቅሁት። ብናገር ኖሮ ይህ ሬሳ የማን እንደሆነ በተገኘ ለት ይታወቅ ነበር። ሌባ አይደለም። ዕቃ አላስወስድም ብሎ ነው የሞተው።"

አስካለ ተጠግታ ክሩን ከእጃቸው ወሰደችው። ሁለቱን ቋጠሮዎች በጣቷ ዳበሰቻቸው፤ መካከላቸው ያለውን ክፍተት ሁለት ጣቷን አስገብታ ለካችው።

"አንቱ እጥረት ይሉታል" አለች። "እኔ ደግሞ ከሥራ ሲመጣ በዳናው ነበር የማውቀው። አንዱ እርምጃ ከበድ፥ አንዱ ቀለል። ሺህ ሰው ቢያልፍ በር የምከፍተው ለሱ ነው። ዘጠኝ ወር የሺህ ሰው ዳና ሰማሁ፥ ሁሉም እኩል ነው።"

ክሩን መቀነቷ ላይ ቋጠረችው።

ሰው ሲበተን ማሩ ወደ መኪናው አልሄደም። አያ ፈንታው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቅሉን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። አጠገባቸው ቆመ፥ ዞር ብሎ ሳጅን አበባው እንደማያይ አረጋገጠ፤ ከዚያ የቀኝ እጅጌውን እስከ ትከሻው ሰበሰበው።

"ዘገየህ" አሉት ሽማግሌው፥ ክንዱን እየዳበሱ። "ሠላሳ ሦስት ዓመት።"

"መንገዱ ተዘግቶ ነበር" አለ ማሩ።

አያ ፈንታው ባለ ሰማያዊውን ክር ከቅሉ አወጡ።